«ስልክሽን ትተሽ ነይ» ያሉኝን አባቴን ምን ልበላቸው?

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

የ31 ዓመት ሴት ስሆን ተወልጄ ያደግሁት ከደምበጫ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ ነው። አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። አባቴ ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ ገበሬ ናቸው። ልጅ ሳለሁ በጠና ታምሜ ነበርና «ልጄን ብታድንልኝ ይዣት ግሽ ዓባይ እመጣለሁ» ብለው ለአቡነ ዘርዐ ብሩክ ተስለዋል። ቦታው እርሳቸው በወጣትነታቸው በእግራቸው ደጋግመው የሄዱበት ነው፤ እኔ ግን ትምህርት ሥራ እያልሁ ስእለቱ ሳይፈጸም ይኸው ቆየ። ዘንድሮ «ጉልበቴ ሳይከዳኝ ለጥር 13 እንሂድ» ሲሉኝ በደስታ እሺ አልሁ። እርሳቸው ግን ቀጠል አድርገው «አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ስልክሽን ትተሽ ነይ፤ መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ» አሉኝ።

ይህን ለምን እንዳሉ በከፊል ይገባኛል። ባለፈው ዓመት ወንድሜ መኪና ተውሶ አክስታችንን ልንጠይቅ ስንሄድ መንገድ የምመራው እኔ ነበርሁ፤ ዓይኔ ስልኬ ላይ ካለው ካርታ አልተነሣም። አንድ መገንጠያ ላይ አባቴ «ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን ያዙ» ቢሉም እኔ «አባ፣ ስልኩ በዚህ በኩል ያሳጥራል» አልሁና ወንድሜ እኔን ሰማ። መንገዱ ጎርፍ የበላው ቦረቦር አፍ ላይ ወስዶ አቆመን፤ መኪናውን በኋላ ማርሽ ለማውጣት ብዙ ተቸገርን። አባቴ እስክንደርስ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ከዚያ ወዲህም ማናችንም ነገሩን አላነሣነውም።

ያም ሆኖ ስልኬን መተው አልችልም። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ በእኛ አካባቢ ጥሪውም አልፎ አልፎ ይጠፋ ስለ ነበር የእናትና የአባቴን ድምፅ ሳልሰማ ያሳለፍኋቸው ሳምንታት ከልቤ አልወጡም። እናቴ የደም ግፊት ሕመምተኛ ናት። ገንዘቤም ያለው ቴሌብር ላይ ነው፤ ከመሥሪያ ቤትም ሊደወልልኝ ይችላል። ወንድሜ «አጥፍተሽ ከቦርሳሽ ሥር ደብቂው፤ አባ አያውቁም» ይለኛል። እኔ ግን ለስእለት መንገድ ላይ አባቴን ማታለል ከበደኝ። እምቢ ልበላቸው? ወይስ እንደ ወንድሜ ምክር ላድርግ?

የስእለት ልጅ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ውድ እኅቴ፣ በደብዳቤሽ ውስጥ ረጅም ጊዜ ያቆመኝ ስለ ኢንተርኔቱ መቋረጥ የጻፍሽው ጥቂት መስመር ነው። ስልኩን ከእጁ የማይለይን ሰው ሱሰኛ ማለት ቀሏል፤ አንቺም ራስሽን በዚያ ዓይን እየተመለከትሽ በውስጥሽ የምታፍሪ ይመስለኛል። ነገር ግን የወላጆቹን ድምፅ ለሳምንታት ያጣ፣ ሲደውል «ሊያገኙት አይችሉም» የሚል መልስ ብቻ እየሰማ ያደረ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ስልኩን አጥብቆ ቢይዝ ምን ያስደንቃል? ስጋትሽ ምክንያት ያለው ነውና አባትሽን ለማስደሰት ስትይ ብቻ እንደሌለ አትቁጠሪው። ልጠይቅሽ፣ ያንን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍሽው ለአባትሽ ነግረሻቸው ታውቂያለሽ? ብዙዎቻችን መስመሩ ሲመለስ «እንዴት ናችሁ፣ ደኅና ናችሁ» ተባብለን እግዚአብሔርን አመስግነን አለፍነው እንጂ በዚያ መካከል ምን እንደ ተሰማን ቁጭ ብለን አልተጨዋወትንም።

አባትሽ ያንኑ ጊዜ ያሳለፉት በወዲያኛው ወገን ሆነው ነው። መስመር በጠፋባቸው ቀናትም መኸራቸውን ሰብስበዋል፣ ገበያ ወጥተዋል፣ ለቅሶ ደርሰዋል፣ መልእክት ያላቸው እንደ ሆነ መንገደኛ ፈልገው ልከዋል። አንቺ በዚያ ወቅት ስልክ ሲጠፋ ሰው እንደሚጠፋ ተማርሽ፤ እርሳቸው ደግሞ ያለ ስልክም እንደሚኖር አረጋገጡ ብዬ እገምታለሁ። ስለዚህ «ትተሽው ነይ» ሲሉሽ እርሳቸው ትንሽ ነገር የለመኑ ይመስላቸዋል፤ ላንቺ ግን ታላቅ ነገር ነው። ይህን ልዩነት ሁለታችሁም በግልጽ ካላወቃችሁት እርሳቸው ልጄ ከእኔ ይልቅ ዕቃውን መረጠች ይላሉ፣ አንቺም አባቴ ጭንቀቴን አይረዱልኝም ትያለሽ።

አሁን ወደ መገንጠያው እንመለስ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ይመስለኛልና። አባትሽ «ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን ያዙ» ሲሉ የተናገሩት ስለ አቅጣጫ ብቻ አልነበረም። በገጠራችን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሲመራ አይተሽ ከሆነ ታስታውሺዋለሽ፤ ዱላውን አንሥቶ ያመለክትና «ያ የሚታየው ደብር እገሌ ነው፣ ከሥሩ ያለው ማሳ የእነ እገሌ ነው፣ ምንጩ ግንቦት ላይ ይደርቃል፣ ወንዙ ከሞላ ከላይ በኩል ባለው መሻገሪያ ተሻገሩ» ይላል። መንገዱን ሲነግርሽ የኖረበትን ዘመን፣ የሚያውቃቸውን ሰዎች፣ የተረፈበትንም አደጋ አብሮ ይሰጥሻል። አባትሽ ይህን ሊሰጡ እጃቸውን ዘርግተው ሳሉ በልጆቻቸው ፊት «ስልኩ ያሳጥራል» ተባሉ። ቦረቦሩ አፍ ላይ ስትደርሱ «ብያችሁ ነበር» ለማለት ምክንያት ነበራቸው፤ አላሉም። የዝምታቸውን ትርጉም ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን ቁጣ ብቻ አይመስለኝም። አንድ ሰው በገዛ አገሩ፣ በእግሩ ባደገበት ምድር፣ ከእንግዲህ አልጠየቅም ማለት ነው ብሎ ሲያስብ የሚሰማው ኀዘን ያለበት ይመስለኛል።

ስልክሽንም አልኮንነውም፤ ያላጠፋውን ጥፋት ልናሸክመው አይገባም። ጂፒኤስ የሚባለው ሥርዓት ከምድር ወደ 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚላከውን ምልክት እየተቀበለ የቆምሽበትን ቦታ ያሰላል፤ ለዚህም ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ኢንተርኔት የሚፈልገው የካርታው ሥዕል ነው፤ እርሱንም አስቀድሞ ማውረድ ይቻላል። የት እንደቆምሽ በሚገባ ይነግርሻል። በፊትሽ ያለው መንገድ በዚህ ክረምት ጎርፍ ይብላው አይብላው፣ አፈሩ ዋልካ ሆኖ ጎማ ይዋጥ አይዋጥ ግን አንድ ሰው ካልመዘገበው በቀር ሊያውቅ አይችልም። ይህን የሚያውቀው እዚያ የሚኖረው ሰው ነው። ጉዟችሁ ወደ ግሽ ዓባይ መሆኑ ደግሞ አንድ የቆየ ታሪክ አስታወሰኝ። ስኮትላንዳዊው አሳሽ ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ወደዚሁ የዓባይ ምንጭ ሲመጣ ኳድራንት የሚባለውን የፀሐይና የከዋክብት ከፍታ መለኪያና ቴሌስኮፕ አስጭኖ ነበር፤ በእነርሱም ምንጩ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ወደ 11 ዲግሪ ገደማ ላይ እንደሚገኝ ለክቶ ጽፏል፤ ልኬቱም ዛሬ ከሚታወቀው ብዙ የሚርቅ አይደለም። መሣሪያው ያን ያህል ጥሩ ነበር። እስከ ምንጩ ያደረሰውና በጣቱ ጠቁሞ ያሳየው ግን መንገዱን የሚያውቅ መሪ ነበር። መሣሪያውም መሪውም አስፈልገውት ነበር፤ በየትኛው ሰዓት የትኛውን መስማት እንዳለበት ማወቅ ግን የእርሱ ፈንታ ነበር።

አባትሽ በአእምሯቸው የያዙት ዕውቀት ደግሞ ተራ ነገር እንዳይመስልሽ። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት የለንደንን ታክሲ ነጂዎች አንጎል መርምሮ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ፈቃድ ለማግኘት በከተማይቱ ያሉትን በሺዎች የሚቆጠሩ መንገዶች በቃላቸው ማጥናት አለባቸው። ቦታን ከማስታወስ ጋር የተያያዘው ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል የኋለኛው ወገኑ በእነርሱ ዘንድ ከሌሎች ሰዎች ሰፍቶ ተገኝቷል። አባትሽን መርማሪ አላያቸውም፤ ነገር ግን ዕድሜ ልክ በእግር እየተመላለሱ የተጠራቀመ ዕውቀት ነውና፣ ይህን ጉዞ ከእርሳቸው ለመቀበል ያለሽ ዕድል ብዙ እንዳልሆነ ራሳቸው «ጉልበቴ ሳይከዳኝ» ብለው ነግረውሻል።

ወንድምሽ ስለ መከረሽ መደበቅ ያለኝን አሳብ በአጭሩ ልንገርሽና ልለፈው። አታድርጊው። አንቺም እንደ ከበደሽ ጽፈሻል፤ ልብሽ የነገረሽ ትክክል ነው። መንገድ ላይ ቢታወቅ ከመገንጠያው የከፋ ቅያሜ ይሆናል፤ ባይታወቅም አንቺ ጉዞውን ሁሉ ቦርሳሽን ስትጠብቂ ትውያለሽ።

እምቢ ከማለትሽ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክሪ። ማታ ቤትሽ ስትገቢ አንድ ወረቀት ያዢና ከስልክሽ የምትፈልጊውን ነገር ለይተሽ ጻፊ። «ስልኬን መተው አልችልም» ስትዪ በእርግጥ መተው የማትችዪው የቱን ነው? ካርታውን ነው? የእናትሽን ድምፅ ነው? ገንዘቡን ነው? ወይስ መሥሪያ ቤቱን? እነዚህ አራት ነገሮች በአንድ ዕቃ ውስጥ ስለ ተሰበሰቡ አንድ ይመስላሉ እንጂ የየራሳቸው መፍትሔ አላቸው። ካርታውን ያለ ምንም ማቅማማት ለአባትሽ ልቀቂላቸው፤ ከደምበጫ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ እስከ ቲሊሊ ያለው አውራ ጎዳና ነው፤ ከዚያ ግሽ ዓባይ ወደሚገኝበት ወደ ሰከላ የሚወስደውን መኪና መናኸሪያው ውስጥ የማያውቅ የለም። መሥሪያ ቤትሽን በተመለከተ ፈቃድሽን በጊዜ ጠይቂ፤ ጥር 13 ዓመታዊ በዓሉ በመሆኑ ከዋዜማው ጀምሮ ያሉትን ቀናት ሥራሽን ለአንድ ባልደረባሽ አስረክበሽ «በእነዚህ ቀናት አልገኝም» ብለሽ በጽሑፍ አሳውቂ። ያለ አንቺ የሚቆም የሚመስለው ሥራ ብዙ ጊዜ አይቆምም። ገንዘቡም ቢሆን የትራንስፖርቱን፣ የማደሪያውንና ለስእለቱ ያሰብሽውን በጥሬው አውጥተሽ፣ በዝርዝር ብሮች አድርገሽ፣ ግማሹን አንቺ ግማሹን አባትሽ ብትይዙት ይበቃል። በበዓል ቀን የሰው ብዛት ሲያጨናንቀው ኔትወርክ እንደ ልብ ላይሠራ ስለሚችል ስልክ ብትይዢም ባትይዢም ይህን ማድረግሽ አይቀርም።

ሳይፈታ የሚቀረው የእናትሽ ድምፅ ነው፤ ይህንንም እንዲያው በድፍረት ተዪው አልልሽም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አባትሽ የራሳቸው ስልክ አላቸው? በገጠር እንደምናየው ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ከሆነ አንድ ጊዜ ቻርጅ ተደርጎ ቀናት ይቆያል፤ ብዙዎቹም ሁለት ሲም ይይዛሉ። የአንቺን ሲም ከእርሳቸው ሲም ጎን አስገቢውና ሁለታችሁ በዚያች ስልክ ሂዱ። የዘመኑ ስልኮች ሲም በጣም ትንሽ ስለ ሆነ ማስገቢያው ላይ ሊሰፋበት ይችላል፤ ስልክ የሚጠግኑ ልጆች ዘንድ በርካሽ የሚገኘውን ትንሽ የፕላስቲክ መያዣ አስቀድመሽ ግዢ። በዚያች ስልክ እናትሽን ትጠሪያለሽ፤ ችግር ቢገጥምሽም *127# ደውለሽ ያለ ኢንተርኔት ቴሌብርሽን መክፈት ትችያለሽ። ካርታ የለውም፣ ቴሌግራም የለውም፣ ዓይንሽን ከአባትሽ ፊት የሚነጥቅ ነገር የለውም። በተጨማሪም የእናትሽን፣ የወንድምሽን፣ የአንድ ጎረቤትንና የእናትሽን ሐኪም ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ አብዛኞቻችን ዛሬ የእናታችንን ቁጥር እንኳ በቃላችን አናውቅም። ከእናትሽም ጋር «ማታ አንድ ሰዓት ላይ እንደውላለን፤ ካልደወልን ኔትወርክ የለም ማለት ነውና ጠዋት ጠብቂን» ብላችሁ ተስማሙ። የተቀጠረ ሰዓት ሲኖር ጠባቂውም ተጠባቂውም በቀሪው ቀን ያርፋል።

ይህን ሁሉ ለአባትሽ የምትነግሪያቸው እንዴት ነው? በዚህ ሳምንት ደውዪላቸው፤ ስለ ስልኩ ግን ቶሎ አታንሺ። አስቀድመሽ መንገዱን ጠይቂያቸው። «አባ፣ በወጣትነትዎ ሲሄዱ በየት በኩል ነበር? በቋሪት ነው? የት ታድሩ ነበር? ስንቅ ምን ትይዙ ነበር?» በያቸውና የሚሉሽን የቦታ ስም ሁሉ ተራውን ጠብቀሽ በእጅሽ ጻፊው። የትኛውንም ስም ካልሰማሽው አስደግሚያቸው፤ ቸኩለሽ አትለፊው። ምናልባት ከስእለቱ በኋላ በዚያ መንገድ የተወሰነውን ያህል እንኳ አብራችሁ በእግር ለመሄድ ያምራችሁ ይሆናል፤ ጉልበታቸው የሚችለውን እርሳቸው ይወስኑ።

ከዚያ በኋላ የመገንጠያውን ነገር አንሺ። ሰው በሌለበት፣ በአጭሩ፣ «አባ፣ ያን ቀን እርስዎ እያወቁ ስልኩን ሰማሁ፤ ቅር እንዳሰኘሁዎ ገብቶኛል፤ ይቅር ይበሉኝ» ማለት ይበቃል። ማብራሪያ አትጨምሪበት። እርሳቸው «ኧረ ምን ሆነና» ብለው ሊያልፉት ይችላሉ፤ አባቶቻችን ይቅርታን ብዙ ጊዜ የሚቀበሉት እንዲህ ነው። ቀጥለሽም ያልነገርሻቸውን ንገሪያቸው፤ መስመሩ ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ሌሊት እንዴት እንዳደርሽ፣ ለምን ስልክ መተው እንደሚያስፈራሽ። ከዚያ «መንገዱን እርስዎ ይምሩኝ፤ የእኔን ስልክ ቤት እተወዋለሁ፤ ለእማዬ የምንደውልበት የእርስዎ ስልክ ብቻ አብሮን ይሂድ» በያቸው። ይህን ሰምተው «አይሆንም» የሚሉ አባት አይመስሉኝም፤ የጠየቁሽን ሰጥተሻቸዋልና። እንደዚያም ሆኖ እምቢ ካሉ አትከራከሪ፤ የንስሐ አባታቸው ያሉበት ቦታ ላይ ነገሩን በትሕትና አንሺው፤ ለአንድ ሕመምተኛ እናት ሲባል ስልክ መያዝ ስእለቱን እንደማያጎድል ከእርሳቸው አፍ ቢሰሙት ይቀላቸዋል።

ስለ ፎቶግራፍ አልጻፍሽም፤ ግን እንደምታስቢው እገምታለሁ። አባትሽ በግሽ ምንጭ አጠገብ ቆመው የሚታዩበት አንድ ሥዕል ለልጅ ልጆች መቅረቱ የሚያስመኝ ነው። በበዓሉ ቀን ፎቶ የሚያነሡ ሰዎች ታገኛላችሁ፤ አባትሽን አስፈቅደሽ አንድ ተነሡ። ስለ አቡነ ዘርዐ ብሩክ በትውፊት የሚነገረውን፣ ሰባቱን መጻሕፍት ለግዮን አደራ ሰጥተው ከዓመታት በኋላ ውኃ ሳይነካቸው መልሰው እንደ ተቀበሉ የሚነገረውን ታሪክ ግን አባትሽ እንዲነግሩሽ ጠይቂያቸው፤ ሌላ ቦታ ብታነቢውም ከእርሳቸው አፍ ስሚው።

አንድ የማልዘለው ነገር አለ። ባለፉት ዓመታት መንገዶቻችን ሁልጊዜ ክፍት አልነበሩም። ከመነሣታችሁ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎና እንደገና በዋዜማው፣ በመስመሩ የሚመላለሱ ሹፌሮችንና በሰከላ የሚያውቃችሁን ሰው ጠይቁ፤ በዚህ ጉዳይ ከስልክ ወሬ ይልቅ ትናንት መንገዱን የተመላለሰ ሰው የሚነግራችሁን እመኑ። «አሁን አትምጡ» ከተባላችሁ አትሂዱ። ጥር 13 በየዓመቱ ይመጣል፤ ከዚያ በፊት መንገዱ ቢከፈትም ጠበሉ በሌላውም ቀን አለ፤ ስእለቱን ስለ ማዘግየት የንስሐ አባታችሁ የሚሉትን ጠይቃችሁ ፈጽሙ። ከሄዳችሁም በቀን ተጓዙ፤ ቦታው ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ነውና በጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ ለአባትሽ ከጋቢያቸው በላይ የሚደርብ ወፍራም ልብስና ለጉልበታቸው የሚቀባ መድኃኒት ያዢ። ጠበሉን በባዶ ሆድ ስለምትጠጡ በሶውን ለኋላ አስቀምጡት።

ወንድምሽ ደግሞ ለአንቺ ብሎ ነው የመከረሽ፤ አትቆጪው። ሥራ ስጪው። እናንተ እስክትመለሱ እናትሽ ዘንድ ይደር፤ ስልክሽን እርሱ ይያዘው፤ የእናትሽን የመድኃኒት ሰዓት ይከታተል፤ ከመሥሪያ ቤትሽም በቴሌግራም የሚጽፍልሽ ካለ «ሰኞ ትመለሳለች» ብሎ ይመልስልሽ። መድኃኒቷ እስከዚያ የሚያደርሳት መሆኑንም ከመነሣትሽ በፊት አንቺ ራስሽ ቆጥረሽ አረጋግጪ።